የባሕር ሥር ገመዶች ታሪክ፦ ሳተላይት እያለ ዓለም እስካሁን በገመድ የሚገናኘው ለምንድን ነው?

ዘወትር ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአህጉራት መካከል ከሚተላለፈው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በሳተላይት ሳይሆን በውቅያኖስ ወለል ላይ በተዘረጉ ገመዶች እንደሚያልፍ ካነበብሁ ጀምሮ ነገሩን የሚያብራራልኝ ሰው ስፈልግ ቆይቻለሁ። ስለ ሳተላይት አዘውትሮ ስለሚወራ ብዙዎቻችን የምንልከው መልእክት ሁሉ ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚወርድ ይመስለናል።

ለማወቅ የምፈልገው የገመዶቹን ዝርዝር ወይም የባለቤቶቻቸውን ስም አይደለም። ኤሌክትሪክ ራሱ ገና በቅጡ ባልታወቀበት ዘመን የነበሩ ሰዎች በምን ዕውቀት ተማምነው ሽቦ በውቅያኖስ ውስጥ ሊዘረጉ ተነሡ? የዚያ ዘመን የቴሌግራፍ ገመድና የዛሬው ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው የብርጭቆ ክር) የሚጋሩት ነገር አለ ወይስ ጨርሶ የተለያዩ ናቸው? ደግሞም «ገመዱ የዓለምን ሕዝብ አገናኘ» የሚለው አባባል በየጽሑፉ ይደጋገማል፤ በእርግጥ ያገናኘው ማንን ከማን ጋር እንደሆነ ግን የሚናገር አላገኘሁም። ግራ እንዳንጋባ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የሽቦ ዘመን፦

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን እኔ ልሞክረው። አጭሩ መልስ ዕውቀቱ ሳይሟላ ነው የተነሡት፤ ዕውቀቱ የተገኘውም ገመዱ እየተበላሸባቸው ነው።

በየብስ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር መልእክት ሲልክ ሽቦውን በምሰሶ ላይ መስቀል በቅቶታል፤ አየሩ ራሱ መከለያ ነውና። የባሕር ውኃ ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ራቁቱን የገባ ሽቦ የተላከበትን ሁሉ ለባሕሩ ያስረክባል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ጉታ ፐርቻ የተባለው፣ በማላይ ባሕረ ገብ መሬትና በአካባቢው ደሴቶች ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ በባሕር ወለል ቅዝቃዜና ግፊት ውስጥም ሳይበላሽ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከአንድ ዛፍ የሚገኘው ሙጫ ጥቂት በመሆኑ ዛፉ እየተቆረጠ ይወድቅ ስለነበር የዚያ ዘመን ገመዶች በደን ላይ ያደረሱት ጥፋት ቀላል አልነበረም፤ ይህ የታሪኩ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በ1850 ጆንና ጃኮብ ብሬት የተባሉ ወንድማማቾች በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ጠባብ ባሕር በአንድ የመዳብ ሽቦ ለማቋረጥ ሞከሩ። ሽቦው ከጉታ ፐርቻው በቀር ሌላ ሽፋን አልነበረውም፤ እንዲሰምጥም በየመካከሉ እርሳስ ታስሮበት ነበር። ትርጉማቸው በቅጡ ያልተያዘ ጥቂት ምልክቶች ካስተላለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ፤ አንድ ዓሣ አስጋሪ ጎትቶ ቆረጠው ይባላል። በዓመቱ የተዘረጋው ግን አራት ሽቦዎችን አንድ ላይ ይዞ፣ በቃጫ ተጠቅልሎ፣ ከላይ ደግሞ በወፍራም የብረት ሽቦዎች ተሸፍኖ ስለነበር ለዓመታት ሠራ። መሐሉ አስተላላፊ፣ ቀጥሎ መከለያ፣ ከውጭ ብረት የሚለው አሠራር በጠረፍ አካባቢ በሚዘረጉ ገመዶች ላይ ዛሬም እንዳለ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው አትላንቲክ ነው። ሳይረስ ፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ ገንዘብ አሰባስቦ በ1857 የተጀመረው ሙከራ ገመዱ ተበጥሶ ቀረ። በ1858 አንድ መርከብ ሙሉውን ገመድ መሸከም ስለማይችል የእንግሊዙ አጋሜምኖንና የአሜሪካው ናያጋራ በውቅያኖሱ መካከል ተገናኝተው ጫፍና ጫፉን ካጋጠሙ በኋላ፣ አንዱ ወደ አየርላንድ ሌላው በዛሬዋ ካናዳ ወደምትገኘው ደሴት ወደ ኒውፋውንድላንድ እየዘረጉ ተለያዩ። ከብዙ መበጠስ በኋላ ኦገስት 5 ቀን ገመዱ ሁለቱንም ዳርቻ ነካ። የደስታው ብዛት ለጉድ ነበር፤ በርችቱ ምክንያት የኒው ዮርክ ማዘጋጃ ቤት ጉልላት እስከ መቃጠል ደርሷል። ሆኖም ንግሥት ቪክቶሪያ ለፕሬዚዳንት ቡካናን የላከችው የ98 ቃላት ሰላምታ ተላልፎ ለማለቅ 16 ሰዓት ያህል ፈጅቷል።

ለዚህ ሁሉ መዘግየት ምክንያቱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ የሚሰማ ጠፋ እንጂ። የግላስጎው ፕሮፌሰር ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ መዳቡ ከውስጥ የባሕሩ ውኃ ከውጭ ሆነው በመካከላቸው መከለያ ያለበት ረጅም ገመድ ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ እንደሚሆን አስልቶ ነበር። ከአንዱ ጫፍ ስለታም ሆኖ የተላከው ምት በሌላው ጫፍ ዝግ ብሎ የሚያብጥና ዝግ ብሎ የሚጎድል ሞገድ ሆኖ ይደርሳል፤ ቀጣዩ ምት ቶሎ ከተከተለ ሁለቱ ይደባለቃሉ። የገመዱ ርዝመት እጥፍ በሆነ ጊዜ መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይልድማን ዋይትሀውስ፣ በሙያው ሐኪም የነበረው፣ ይህን ስሌት አልተቀበለም፤ ምልክቱ ሲደክምበት ኃይሉን ወደ 2,000 ቮልት ከፍ አደረገ። ገመዱ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጨርሶ ሞተ። እርግጥ ገመዱ በችኮላ የተሠራና ሳይጠበቅ በፀሐይ የቆየ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በዋይትሀውስ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ቶምሰን የመረጠው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። መዳቡን ማወፈር፣ መከለያውን ማወፈር፣ ኃይሉን አሳንሶ ተቀባዩን መሣሪያ ንቁ ማድረግ። የሠራው መሣሪያ ከጀርባው ትናንሽ ማግኔቶች የተጣበቁበት ቅንጣት መስተዋት በሐር ክር የተንጠለጠለበት ነበር። በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ሲመጣ መስተዋቱ በትንሹ ይዞራል፤ ከመብራት የተላከው ጨረርም ከእርሱ ላይ ነጥሮ በጨለማ ክፍል ውስጥ ባለ መለኪያ ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቴሌግራፈኛው ያችን የብርሃን ነጥብ ዓይኑን ሳይነቅል እየተከታተለ ፊደሉን ይጠራል፣ ጓደኛው ይጽፋል።

በ1865 ግዙፉ መርከብ ግሬት ኢስተርን ብቻውን ሙሉውን ገመድ ጭኖ ወጣ፤ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ከሄደ በኋላ ገመዱ ተበጥሶ ሰመጠ። በ1866 አዲስ ገመድ በተሳካ ሁኔታ ዘርግቶ ተመለሰና ያለፈውን ዓመት ገመድ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት በመንጠቆ አውጥቶ ቀጠለው፤ ስለዚህ በአንድ ክረምት ሁለት ገመዶች ተገኙ። የ1866ቱ መዳብ ከ1858ቱ በሦስት እጥፍ የሚጠጋ ክብደት ነበረው፣ በደቂቃም ስምንት ቃላት ያህል ያስተላልፍ ነበር። በዚያው ዓመት ላቲመር ክላርክ የተባለ መሐንዲስ ሁለቱን ገመዶች በኒውፋውንድላንድ በኩል አጋጥሞ፣ ሰፊዎች መርፌ እንዳይወጋቸው በጣታቸው በሚያጠልቋት የብር ቆብ ውስጥ ዚንክና ጥቂት አሲድ ጨምሮ በሠራው ባትሪ ከአየርላንድ አትላንቲክን አሻግሮ ደርሶ መልስ ምልክት ላከ። የ2,000 ቮልቱን ክርክር የዘጋው ይህ ነው።

መዝገብ አገላባጭ፦

ከላይ የተጻፈው የመሐንዲሶቹ ታሪክ ነው፤ እኔ «ያገናኘው ማንን ነው?» ወደሚለው ልሂድ፤ እንደ እኔ እምነት ከሦስቱ ጥያቄዎች የሚበልጠው እርሱ ነውና።

በ1866 የአትላንቲክ ገመድ ሲከፈት ዋጋው ለ20 ቃላት 20 ፓውንድ ነበር፤ አድራሻውም ከቃላቱ ጋር ይቆጠራል። ይህ በዘመኑ ለአንድ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ስለሆነ ልጅ ለእናቱ ደኅና መሆኑን የሚነግርበት መንገድ አልነበረም። የተጠቀሙበት መንግሥታት፣ ባንኮች፣ የጥጥና የእህል ነጋዴዎች እንዲሁም ጋዜጦች ናቸው። ነጋዴዎቹ ዋጋውን ለመቀነስ አንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚተካበት የምስጢር ቃላት መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። ፖል ጁሊየስ ሮይተር ለንደን ላይ ቢሮውን የከፈተው በ1851 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ገመድ በተዘረጋበት ወቅት ነው፤ የመጀመሪያው ሸቀጡም የአክሲዮን ገበያ ዋጋ ነበር። ያ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለው የ1858 ገመድ እንኳ ለእንግሊዝ መንግሥት ወጪውን በከፊል ክሶታል፤ በሕንድ በተነሣው ዓመፅ ምክንያት ከካናዳ እንዲጓዙ ታዝዘው የነበሩ ሁለት ሬጅመንቶች (የጦር ክፍሎች) ዓመፁ ስለበረደ እንዲቀሩ የተነገራቸው በእርሱ ነበር፤ በዚህም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ተረፈ።

ተራው ሰው ጥቅሙን ያገኘው በጋዜጣ በኩል ነው፤ ይህም ቢሆን ትልቅ ለውጥ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንከን በኤፕሪል 1865 ሲገደል ወሬው በመርከብ ተጉዞ ለንደን የደረሰው ከ11 ቀን በኋላ ነው። ከዓመት በኋላ እንዲህ ያለው ዜና የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። በ1870 ለንደንና ቦምቤይ በባሕር ገመድ ተገናኙ፤ በ1872 አውስትራሊያ ተጨመረች፤ በ1902 ደግሞ ገመዱ ሰላማዊ ውቅያኖስን ስላቋረጠ የእንግሊዝ ግዛት ምድርን የሚዞር የራሱ መሥመር ኖረው። ካርታውን ያየ ሰው ገመዱ የሚከተለው የሰዎችን ዝምድና ሳይሆን የወደብንና የግዛትን መንገድ መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ የዛሬዎቹ ፋይበሮችም በአብዛኛው በዚያው መንገድ ያልፋሉ።

ገመዱ ማገናኘቱን ያህል መለየትም ተችሎበታል። እንግሊዝ በ1914 ጦርነት ባወጀች በሰዓታት ውስጥ አሌርት የተባለው የገመድ መርከብ ወጥቶ በእንግሊዝ ቻናል የሚያልፉትን የጀርመን ገመዶች ቆረጠ። ጀርመን ከዚያ በኋላ በሌሎች አገሮች ገመድ ለመጠቀም ተገደደች፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ዚመርማን በጃንዋሪ 1917 ሜክሲኮ በአሜሪካ ላይ ከጀርመን ጋር እንድታብር ለመጠየቅ ያስተላለፈው ምስጢር በእንግሊዞች እጅ የወደቀው መልእክቱ በእንግሊዝ በኩል በሚያልፍ መሥመር ስለተላከ ነው። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ቴሌግራም ነበር።

ዘወትር ተማሪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ስልክ በ1876 ተፈልስፏል፤ የአትላንቲክ ገመድ ደግሞ በ1866 ነበረ። ታዲያ የሰው ድምፅ ለምን በዚያው ገመድ አልተላለፈም?

ብርሃንና ብርጭቆ፦

የጠየቁት የታሪኩን እምብርት ነው። ድምፅ በገመድ አትላንቲክን የተሻገረው በ1956 ነው፤ ማለትም ጽሑፍ ከተሻገረ ከ90 ዓመት በኋላ። ቴሌግራፍ በሰከንድ ጥቂት ምቶችን ብቻ ስለሚልክ ዝግ ማለትን ይታገሣል፤ የሰው ድምፅ ግን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ርግብግቢት ስላለው ቶምሰን ባሰላው ገመድ ውስጥ ገና ጥቂት እንደተጓዘ ይደበዝዛል። በየብስ ላይ በየመንገዱ ማጉያ ማቆም ይቻላል፤ ማጉያውን ግን በብዙ ኪሎ ሜትር ውኃ ሥር ማን ይጠግነዋል፣ ኃይልስ ከየት ያገኛል? ከ1927 ጀምሮ ለንደንና ኒው ዮርክ በሬዲዮ ስልክ መነጋገር ቢችሉም ሦስት ደቂቃ 15 ፓውንድ ያስከፍል፣ በአየሩ ሁኔታ ይቆራረጥ፣ ተቀባይ ያለው ሁሉም ይሰማው ነበር።

በ1956 ስኮትላንድን ከኒውፋውንድላንድ ያገናኘው ታት 1 የተባለው መሥመር ሁለት ገመዶች ነበሩት፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። በእያንዳንዱ ላይ በየ70 ኪሎ ሜትሩ ገደማ 51 ማጉያዎች ተተክለዋል፤ ማጉያዎቹ የሬዲዮ ቫልቭ (ደካማ ምልክትን የሚያጎላ፣ አምፖል መሰል ዕቃ) የያዙ ሲሆኑ ያለ ጥገና ለ20 ዓመት እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ኃይል የሚያገኙት ከባሕሩ ዳርቻ በዚያው ገመድ በሚላክ ከፍተኛ ቮልት ነው፤ ይህ አሠራር ዛሬም አልተቀየረም። መሥመሩ በአንድ ጊዜ 36 ንግግሮችን ብቻ ይሸከም ነበር፣ እስከ 1978ም አገልግሏል። ከላይ የተነሣውን «ያገናኘው ማንን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በእኔ አስተያየት ልመልስና፣ ገመዱ ሰዎችን ያገናኘው ከዚህ ቀን ወዲህ ነው።

ቀጣዩ እመርታ ከመዳብ ወደ ብርጭቆ መሻገር ነው። በ1966 ቻርልስ ካዎና ጆርጅ ሆካም የተባሉ መሐንዲሶች፣ ብርሃን በብርጭቆ ክር ውስጥ የሚጠፋው ብርጭቆው ንጹሕ ስላልሆነ እንጂ ከባሕርይው አለመሆኑን ጻፉ፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከብርሃኑ መቶኛው እንኳ ከተረፈ ለመገናኛ እንደሚበቃም አመለከቱ። በጊዜው የነበረው ብርጭቆ ከዚያ በእጅጉ የራቀ ስለነበር የተቀበላቸው ሰው ጥቂት ነው። በ1970 በኮርኒንግ ኩባንያ የሚሠሩ ሦስት ተመራማሪዎች ከዚያ መጠን የተሻለ ክር አወጡ፤ ካዎም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዛሬው ክር ውስጥ ብርሃን 15 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ግማሹ ይተርፋል። በ1988 የተከፈተው ታት 8 የመጀመሪያው የአትላንቲክ የፋይበር ገመድ ሲሆን 40,000 ያህል ንግግሮችን ይሸከም ነበር። በእነዚያው በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ደግሞ ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ክር ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጥ በብርሃንነቱ እንደሚያጎላው ስለታወቀ ብዙ ቀለማትን፣ ማለትም የተለያዩ የሞገድ ርዝመቶችን፣ በአንድ ክር መላክ ተቻለ። በ2018 ሥራ የጀመረው፣ ቨርጂኒያን ከስፔኗ ቢልባዎ የሚያገናኘው ማሬያ 6,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ሲነደፍም በሰከንድ 160 ቴራቢት (160 ትሪሊዮን ቢት) እንዲሸከም ታስቦ ነው።

ስለ ሳተላይቱ፦ ከምድር ጋር እኩል የሚዞረው ሳተላይት 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በፋይበር ከለንደን ኒው ዮርክ ደርሶ መመለስ ግን የዚያን ሰባተኛ ያህል ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዳዲስ ሳተላይቶች የመዘግየቱን ችግር አቃልለውታል። የመሸከም አቅሙ ግን አይወዳደርም፤ በሬዲዮ ሞገድ የሚላከው መረጃ ውስን የሆነውን አየር ከሌሎች ጋር ይጋራል፣ በክሩ ውስጥ ያለው ብርሃን ግን ማንንም አይነካም፤ ሲያንስም ሌላ ክር ይጨመራል። ስለዚህ ሳተላይት ገመድ ለማይደርስበት ስፍራና ገመድ ለተቆረጠበት ጊዜ ነው የሚሆነው።

መልሕቅ፦

ስለ መቆረጥ ከተነሣ ጥቂት ልጨምር። ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለው ገመድ ውፍረቱ አትክልት ከሚጠጣበት የጎማ ቱቦ አይበልጥም፤ የብረት ልብስ የሚደረብለት ወደ ዳርቻው ሲቀርብ ነው፣ በዚያም በባሕር ማረሻ ተቀብሮ ይሄዳል። በዓመት ከ150 እስከ 200 ያህል ብልሽቶች ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹ ጥልቀት በሌለው ስፍራ በዓሣ መረብና በመርከብ መልሕቅ የሚመጡ ናቸው። የሻርክ ንክሻ ወሬ ብዙ ጊዜ ይናፈሳል፣ ድርሻው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ብልሽቱ ያለበትን ለማግኘት ከዳርቻው ጣቢያ አጭር የብርሃን ምት ይላካል፤ ብርሃኑ ከተሰበረው ቦታ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። የጥገና መርከቡ እዚያ ደርሶ ገመዱን በመንጠቆ ፈልጎ ያወጣል፣ ደኅናውን ጫፍ በተንሳፋፊ ላይ አስሮ ይተወዋል፣ ሌላውን ጫፍ ፈትሾ ከአዲስ ቁራጭ ጋር ያጋጥመዋል፣ ከዚያ ወደ ተንሳፋፊው ተመልሶ ይጨርሳል። ከፀጉር እምብዛም የማይወፍሩትን ክሮች አንድ በአንድ በሙቀት አቅልጦ ማያያዝ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ መርከቡም ይህ ሁሉ እስኪያልቅ በማዕበል ላይ ቦታውን ሳይለቅ መቆም አለበት። ከፋይበሩና ከመሣሪያው በቀር ይህ ግሬት ኢስተርን በ1866 ያደረገው ነው።

ብዙ ገመድ ያላቸው አገሮች አንዱ ሲቆረጥ መረጃው በሌላው ስለሚዞር ተጠቃሚው ላያውቀውም ይችላል። አንድ ብቻ ያለው ግን ሌላ ነው። በጃንዋሪ 2022 በቶንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አገሪቱን ከፊጂ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛው ዓለም አቀፍ ገመድ በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ክፍሉ ተበላሽቶ እስከ ፌብሩዋሪ 22 ድረስ አልተመለሰም። በውጭ ያሉ ቤተሰቦች ዘመዶቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ቀናትን አሳልፈዋል፤ በሳተላይት የተገኘው መሥመርም ከፍላጎቱ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

መሰበሩ ለሳይንስ የጠቀመበት ጊዜም አለ። በኖቬምበር 1929 ከኒውፋውንድላንድ በስተ ደቡብ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ 12 የቴሌግራፍ ገመዶች ተቆረጡ፤ የሚገርመው አንዳንዶቹ ወዲያው ሲቆረጡ ሌሎቹ ወደ ጥልቁ በሚወስደው አቅጣጫ ተራ በተራ፣ የመጨረሻው ከ13 ሰዓት በኋላ መቆረጣቸው ነው። እያንዳንዱ ዝም ያለበት ደቂቃ በጣቢያው መዝገብ ላይ ስለነበር ሂዘንና ዩዊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 ከዚያ ተነሥተው፣ ገመዶቹን የቆረጠው በባሕር ወለል ላይ ቁልቁል የሚጋልብ የጭቃና የአሸዋ ጎርፍ መሆኑን፣ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይደርስ እንደነበር አሰሉ።

ዘወትር ተማሪ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አገልግሎታቸው ያበቃ ገመዶች ምን ይሆናሉ?

መልሕቅ፦

አብዛኞቹ በወደቁበት ይቀራሉ፤ ማውጣቱ ብዙ ወጪ ስላለው። የሚወጡት መዳባቸው፣ ብረታቸውና ፕላስቲካቸው ተለይቶ ለሽያጭ ይውላል፤ ከጉታ ፐርቻ በኋላ ሽፋን የሆነው ፖሊኢትሊን የተባለው ፕላስቲክ ነውና። በሥራ ላይ ያሉት ፋይበሮች ደግሞ ተጨማሪ ተግባር እያገኙ ነው፤ በክሩ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት በጥቂቱ ስለሚዛባ የባሕር ወለልን እንቅስቃሴ በእነርሱ መለካት እንደሚቻል በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የመንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎች ከሞላ ጎደል በየብስ ላይ ብቻ ስለሚገኙ ይህ ለዘርፉ ባለሙያዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ፍላጎት ካለዎት ስለ እርሱ ለብቻው መጻፍ እችላለሁ።